ጊታር የክራር ልጅ ነውን? በሰፊው ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተውን ጽሑፍ መጀመሪያ ያሳየኝ፣ ፒያሳ በምትገኘው ጠባብ ክፍሌ ጊታር የሚማር አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ለካ እስከ ዛሬ ሲያስተምሩኝ የከረሙት ክራር ኖሯል!» አለኝ። ግማሹ ቀልድ ቢሆንም ግማሹ የምር ነበር፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ኩራት በአንድ ቃል ማፍረስ ስላልፈለግሁ «አንብቤው እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። በዚያው ሳምንት ያንኑ ጽሑፍ ሌሎች ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በጥሩ አማርኛና በአገር ፍቅር የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ካሉት ዋና ዋና ነጥቦች አብዛኞቹ ስሕተት ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ዝም ማለቱ ለልጁም ለጸሐፊውም አክብሮት ማሳጣት መስሎ ታየኝ።

ጽሑፉን ላላነበቡ ሰዎች ይዘቱን ላስቀድም፤ ጸሐፊው ያላሉትን እንዳሉ አድርጌ ላለማቅረብም እጠነቀቃለሁ። ጸሐፊው የሚነሡት «ጊታር» የሚለው ስም «ክራር» ከሚለው የተገኘ ነው ከሚል ሐሳብ ነው፤ ግሪኮች በአዱሊስ ወደብ በኩል ስሙን ከእኛ ሰምተው «ኪታራ» አሉት፣ ከእነርሱ ዐረቦች፣ ከዐረቦችም ስፔኖች ተቀባበሉት ይላሉ። ለዚህም ድጋፍ እንዲሆናቸው በስሙ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ታር» የግዕዙ «አውታር» ቅሪት ያደርጓታል፤ የሕንዱን «ሲታር» እና የመካከለኛው እስያን «ዱታር» ከዚያው ይመዝዛሉ። ቀጥለውም ስድስት አውታር ያለው ክራርና ስድስት አውታር ያለው ጊታር በአጋጣሚ ሊመሳሰሉ አይችሉምና ጊታር ማለት አንገት የተቀጠለበት ክራር ነው ይላሉ። ክራር ጥንታዊ፣ ጊታር የትናንት ስለ ሆነ ታላቁ የታናሹ አባት መሆኑ እንደማያጠራጥር፣ ትዝታና ባቲም በጊታር ላይ ያለ ችግር መጫወታቸው የዝምድናው ምስክር እንደ ሆነ ያክላሉ። ከዚህ ሁሉ የሚደርሱበት መደምደሚያ አውሮፓውያን ይህን ታሪክ ሆን ብለው ደብቀውታል፣ እኛም ጊታርን በየትምህርት ቤቱ «ዘመናዊ ክራር» ብለን ልናስተምረው ይገባል የሚል ነው።

ከመቃወሜ በፊት የማምነውን ልናገር። ጸሐፊው የግሪኩን ኪታራ ከእኛው ክራር ጋር ማዛመዳቸው በመልክ ረገድ ትክክል ነው፤ ከብዙ የጊታር መምህራን ይልቅ እርሳቸው ይህን ማስተዋላቸው ያስመሰግናቸዋል። የጥንቱ ኪታራ ዛሬ ጊታር የምንለውን ዕቃ በጭራሽ አይመስልም ነበር። ከእንጨት የተሠራ የድምፅ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ቋሚዎች፣ በቋሚዎቹ ጫፍ ላይ የተጋደመ ቀንበር፣ ከቀንበሩ ወደ ሳጥኑ የወረዱ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት አውታሮች ነበሩት። አንድ ኢትዮጵያዊ በግሪክ ሸክላ ላይ የተሳለውን ኪታራ ቢያይ «ይህ ክራር ነው» ወይም «ይህ ትንሽ በገና ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ቢልም አይፈረድበትም። ጸሐፊው የሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው። ስሙ የተጓዘበትን መንገድ ዕቃው የተጓዘበት መንገድ አድርገው ወሰዱት፤ የጊታር ታሪክ ግን የሁለት ተጓዦች ታሪክ ነው። ስሙ ክራር ከሚመስል ዕቃ ተነሥቶ፣ ክራርን ከማይመስል ሌላ ዕቃ ጋር መንገድ ላይ ተገናኝቶ እዚያው ቀረ።

በስሙ ልጀምር። የስፔንኛው «ጊታራ» የመጣው በአንዳሉስ ይነገር ከነበረው ዐረብኛ «ቂታራ» ነው፤ የዐረብኛው መነሻም የግሪኩ «ኪታራ» ነው። በዐረብኛው ቃል መካከል ያለችው ፊደል ምላስን በጥርሶች መካከል አውጥቶ የምትነገረዋ ናት፤ እርሷም የግሪክኛዋን ቴታ በትክክል ይዛ ቆይታለች። የመጀመሪያዋ «ቀ» በስፔንኛ ወደ «ገ» መለወጧም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥጥ ማለት የሆነው የዐረብኛው «ቁጥን» በስፔንኛ «አልጎዶን» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ከስፔን እስከ ግሪክ ያለው ሰንሰለት ቀለበቱ ሁሉ ተገኝቷል፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከግሪክ ወደ አዱሊስ በቀጠሉት ቀለበት ላይ ነው።

ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየቤታችን ባለው መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፉትን ስሞች ማየት ይበቃል። ግዕዝ ከግሪክኛ ስሞችን ሲወስድ በአብዛኛው የሚከተለው ሥርዐት ነበረው። የግሪኩ «ካፓ» በግዕዝ «ቀ» ይሆናል፤ ማርቆስ፣ ሉቃስ እንደምንለው ማለት ነው። ከዚህ ከክፍሌ ብዙም የማይርቀው የቂርቆስ ክፍለ ከተማም ስሙን ያገኘው በዚሁ ሥርዐት ከተጻፈ ቅዱስ ነው። የግሪኩ «ቴታ» ደግሞ በግዕዝ «ተ» ይሆናል፤ ቶማስ፣ ማቴዎስ። ሁለቱንም በአንድ ቃል ማየት የሚፈልግ «ቆሮንቶስ» የሚለውን ይመልከት፤ መጀመሪያው ካፓ ስለ ሆነ «ቆ»፣ መጨረሻው ቴታ ስለ ሆነ «ቶ» ተብሎ ተጽፏል። በግሪክኛ ፊደል የእኛን «ክ» የሚወክለው ሌላው ድምፅ «ኪ» የሚባለው ነው፤ «ክርስቶስ» በ«ክ» የሚጻፈው በእርሱ ስለሚጀምር ነው። «ኪታራ» በአማርኛ በ«ኪ» ብንጽፈውም በግሪክኛ የሚጀምረው በካፓ ነው፤ መካከሉም ቴታ ነው። እንግዲህ ቃሉ ወደ ግዕዝ ቢገባ ኖሮ የምንጠብቀው «ቂታራ» የሚመስል ቃል ነበር። በተቃራኒው ግሪኮች «ክራር» የሚለውን ከእኛ ወስደው ቢሆን ኖሮ በካፓ ሳይሆን ክርስቶስ በሚጀምርበት ፊደል ይጽፉት ነበር ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከዚህም በላይ፣ በ«ክራር» ውስጥ «ተ» የሚባል ድምፅ ጨርሶ የለም። ሁለት «ረ» ያለው ቃል አንዷን «ረ» ወደ ቴታ የለወጠበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። ክራርና ጊታር ሁለቱም «ር» ላይ ማረፋቸው ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ወንበርና ከንፈርም «ር» ላይ ያርፋሉ።

ሌላም ምስክር አለ፤ እርሱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ነው። የግዕዝ ተርጓሚዎች በግሪኩ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «ኪታራ» የሚለውን ቃል ባገኙ ጊዜ ምን ብለው ተረጎሙት? በመዝሙር 150 ቁጥር 3 ግሪኩ «በመዝሙር መሣሪያና በኪታራ» በሚልበት ቦታ ግዕዙ «በመዝሙር ወበመሰንቆ» ይላል። አማርኛውም እስከ ዛሬ «በበገናና በመሰንቆ አመስግኑት» እንደሚል የሰንበት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊው እንደሚሉት ኪታራ የክራር የግሪክኛ አጠራር ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተው የሚያውቁት እነዚያ ተርጓሚዎች ስሙን ወደ ባለቤቱ ለመመለስ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኙም ነበር። እነርሱ ግን መሰንቆ አሉት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ዛሬ መሰንቆ የምንለው በደጋን የሚገዘገዝ ባለ አንድ አውታር ዕቃ ነው፤ ኪታራ ግን ባለ ብዙ አውታር፣ በጣት ወይም በመምቻ የሚመታ ነበር። ስለዚህ በገዛ አገራችን እንኳ አንድ ስም ከአንድ ዓይነት ዕቃ ወደ ሌላ ዓይነት ዕቃ ሊዛወር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

የዘመን ነገርም አለ። አክሱም ከግሪክኛ ጋር ጥብቅ ግንኙነት እንደ ነበራት እኔም እስማማለሁ፤ የንጉሥ ዔዛና የድንጋይ ጽሑፍ በግሪክኛም መቀረጹ ለዚህ በቂ ነው። ሆኖም ዔዛና የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የ«ኪታራ» ታላቅ ወንድም የሆነው «ኪታሪስ» የሚለው ቃል ግን ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ በሆሜር ግጥሞች ውስጥ ይገኛል። አዱሊስ የቀይ ባሕር ገበያ ሆና በዓለም ከመታወቋ አስቀድሞ ግሪኮች ቃሉን በየግብዣው ይዘምሩት ነበር። ቃሉ ወደ ምሥራቅ የሄደበትን አንድ እርምጃም በዳንኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 3 እናገኛለን፤ ናቡከደነፆር ሕዝቡ ለወርቁ ምስል እንዲሰግድ ሲያዝ ከተዘረዘሩት መሣሪያዎች አንዱ በአረማይኩ ጽሑፍ «ቃይትሮስ» ይባላል፤ ይህም ከግሪክኛ የተወሰደ ቃል ነው። ቃሉ ከግሪክ ወጥቶ ወደ ሴም ቋንቋዎች ሲገባ በዐይን ይታያል፤ ከሴም ቋንቋ ወጥቶ ወደ ግሪክ ሲገባ ግን የሚያሳይ ነገር ጸሐፊው አላቀረቡም።

ወደ «ታር» ልለፍ፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። «ሲታር» እና «ዱታር» ውስጥ ያለችው «ታር» በእርግጥ አውታር ማለት ናት፤ ነገር ግን ፋርስኛ ናት። «ዱ» ሁለት፣ «ሴ» ሦስት ማለት ስለ ሆነ ዱታር ባለ ሁለት አውታር፣ ሲታርም ከ«ሴታር» ባለ ሦስት አውታር ማለት ነው። የግዕዙ «አውታር» በበኩሉ የ«ወተር» ብዙ ቁጥር ነው፤ ዐረብኛውም «ወተር» ይለዋል፤ ሥሩ ወ-ተ-ረ ነው፣ መወጠር ማለት ነው። ፋርስኛ የሕንድና አውሮፓ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ግዕዝ የሴም ወገን ነው። የሁለቱ መመሳሰል የአጋጣሚ ነው። «ጊታር» ደግሞ ከሁለቱም የለበትም፤ መጀመሪያው «ኪታራ» ስለ ሆነ «ታር» ብሎ የሚቆረጥ መገጣጠሚያ የለውም። አንድን ቃል በፈለግነው ቦታ መቁረጥ ከተፈቀደልን «ሄክታር»ም ባለ መቶ አውታር በገና ሊሆን ነው። ለጸሐፊው አንድ ነገር ላክልላቸው፤ ይህ የ«ታር» ነገር የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ጊታርን ከፋርስኛው «ቻርታር» ማለትም ባለ አራት አውታር ጋር የሚያያይዝ ተመሳሳይ አስተያየት በውጭ አገርም ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ኖሯል። ተደጋገመ እንጂ አልተረጋገጠም።

አሁን ወደ ዕቃው። ልጁ በተመለሰ ጊዜ በንግግር ከማድከም ብዬ፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ክራር አወረድሁለት። ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች ከብዙ ዓመት በፊት የገዛሁት ነው፤ የድምፅ ሳጥኑ ጎድጓዳ እንጨት ሆኖ ቆዳ የተለበጠበት ሲሆን፣ አውታሮቹ በቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ጥቅልል ጋር ተጠምጥመው የሚቃኙ ናቸው። «በአንዱ አውታር ብቻ የትዝታን አምስት ድምፆች አውጣልኝ» አልሁት። አውታሩን መታው፤ አንድ ድምፅ ወጣ። እንደገና መታው፤ ያው ድምፅ ወጣ። በግራ እጁ አውታሩን ከኋላ በኩል ቢነካው ድምፁ ታፈነ እንጂ አልተለወጠም። ከዚያ ጊታሩን ሰጠሁት። ሁለተኛውን አውታር ይዞ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ8ኛውና በ10ኛው ፍሬት (አንገቱን በሚያቋርጠው ቀጭን የብረት ዘንግ) ላይ እየተጫነ አምስቱንም ድምፆች ከአንድ አውታር አወጣቸው። ስልኩን አንሥቶ ጽሑፉን እንደገና ማየት ጀመረ።

የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው፤ ትንሽ ልዩነትም አይደለም። ክራር በእያንዳንዱ አውታር አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ከመጀመሩ አስቀድሞ ቅኝቱን ይመርጣል፣ ወደ ሌላ ቅኝት ለመሄድም አውታሮቹን እንደገና ይቃኛል። በግርፍ ሲጫወት ደግሞ ቀኝ እጁ አውታሮቹን ሁሉ በአንድነት ሲመታ፣ ግራ እጁ የማይፈለጉትን ያፍናል፤ የሚሰማው ድምፅ ያልታፈነው ነው። ጊታር ግን የሚኖረው በአንገቱ ነው። አውታሩ ከአንገቱ በላይ ተዘርግቶ ጣት በተጫነው ቁጥር ርዝመቱ ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። የተለመደው የክላሲካል ጊታር አውታር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 12ኛው ፍሬት በትክክል እኩሌታው ላይ፣ በ32.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ የተጫነ አውታር ካልተጫነው አንድ ኦክታቭ ይቀጥናል፤ ማለትም ያንኑ ድምፅ ከፍ ባለ እርከን ይደግመዋል። ልጁ በማስመሪያ ለካውና አመነ። ሆርንቦስቴልና ዛክስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1914 የዓለምን የሙዚቃ መሣሪያዎች በየዓይነታቸው ሲከፋፍሉ፣ ባለ ቀንበሮቹን በአንድ ወገን፣ ባለ አንገቶቹን በሌላ ወገን ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ክራር፣ በገናና የግሪኩ ኪታራ ከባለ ቀንበሮቹ ወገን ናቸው፤ ጊታር፣ የዐረቦቹ ዑድና መሰንቆ ከባለ አንገቶቹ ወገን ናቸው። በአሠራር ከሄድን ለጊታር የሚቀርበው የአገራችን ዘመድ ክራር ሳይሆን መሰንቆ መሆኑን ጸሐፊው ቢያስተውሉት ጽሑፋቸው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

«አንገት ተቀጠለበት» የሚለውንም ታሪኩ አይደግፈውም። አንገት ያላቸው መሣሪያዎች በመስጴጦምያ ከክርስቶስ ልደት ከ2000 ዓመት በላይ አስቀድሞ ተቀርጸው ይታያሉ። በዛሬዋ ቱርክ አላጃ ሆዩክ በተባለ ቦታ የተገኘ የኬጢያውያን የድንጋይ ቅርጽ፣ ወገቡ እንደ ጊታር ወደ ውስጥ የገባ ባለ ረጅም አንገት ዕቃ የሚጫወት ሰው ያሳያል፤ ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 14ኛው ወይም 13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ አንገትና ቀንበር ጎን ለጎን የኖሩ ሁለት ብልሃቶች እንጂ አንዱ በሌላው ላይ የተቀጠለ አይደለም። ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ711 ወደ ስፔን ተሻግረው ዑድን በዚያ አስለመዱ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት በካስቲል ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ዘመን በተዘጋጁ የመዝሙር ብራናዎች ላይ ልዩ ልዩ ባለ አንገት መሣሪያዎች ተስለው ይታያሉ። በዚያ ዘመን ላቲን ጸሐፊዎች «ኪታራ» የሚለውን ስም በጣት ለሚመታ ባለ አውታር ዕቃ ሁሉ ይሰጡት ነበር፤ ስሙ ከቀንበሩ ወርዶ አንገቱ ላይ የተቀመጠው በዚህ ልማድ ነው። በጊታር ብቻም አልቀረም፤ የእንግሊዞቹ «ሲተርን» እና የጀርመኖቹ «ጺተር» ከዚያው ስም የተወለዱ ናቸው። ጺተር ጠረጴዛ ላይ የሚጋደም ጠፍጣፋ ሳጥን ሲሆን አንገት የሚባል፣ ቀንበር የሚባል የለውም። ስም መጋራት ዕቃ መጋራት ቢሆን ኖሮ ክራር፣ ጊታርና ጺተር አንድ ዕቃ በሆኑ ነበር።

የስድስት አውታሩን ነገር በተመለከተ ጸሐፊው የሚታሰበውን ያህል አልመረመሩትም። ጊታር ስድስት አውታር የያዘው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1546 በሴቪያ የታተመው የአሎንሶ ሙዳራ መጽሐፍ ለጊታር የያዘው ሙዚቃ ባለ አራት ረድፍ አውታር ለሆነ ዕቃ የተጻፈ ነው፤ አንዱ ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ አውታር ነው። ቀጥሎ አምስተኛው ረድፍ መጣ፤ በቫዮሊኖቹ የምናውቀው ስትራዲቫሪ እ.ኤ.አ. በ1679 የሠራው፣ እስከ ዛሬም ያለው ጊታር ባለ አምስት ጥንድ ነው። ሩስያውያን ደግሞ ለብዙ ዘመን በሰባት አውታር ተጫውተዋል። የዛሬውን ቅርጽና መጠን ያጸናው እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1892 የኖረው የአልሜሪያው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። እንግዲህ ጊታር ከክራር የተወለደ ከሆነ፣ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በአራትና በአምስት ረድፍ አውታር ሲኖር ስድስተኛውን የት ረስቶት ነበር? ክራርም ቢሆን አምስት አውታር የያዘው ብዙ ነው። ስድስት ሲሆንም ስድስተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአምስቱ ድምፆች የአንዱ ኦክታቭ ነው። የጊታር ስድስቱ አውታሮች ግን በአብዛኛው በአራት በአራት ድምፅ ርቀት እየተደራረቡ ሁለት ኦክታቭ ይሸፍናሉ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የቆመበት ሐሳብ ሌላ ነው።

«ታላቁ የታናሹ አባት ነው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ባለ ቀንበር መሣሪያዎች ጥንታዊ መሆናቸውን እቀበላለሁ፤ በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ በኡር ከተማ በነገሥታት መቃብር የተገኙት በገናዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በሰፈሩ ቀድሞ ቤት ስለ ሠራ የጎረቤቶቹ ልጆች ሁሉ የእርሱ ልጆች አይሆኑም። ትዝታና ባቲ በጊታር ላይ መጫወታቸውም ዝምድናን አያስመሰክርም፤ በፒያኖ፣ በሳክስፎንና በአኮርዲዮንም ይጫወታሉ፤ ፒያኖን የክራር ልጅ ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። እንዲያውም ይህ ነጥብ በጸሐፊው ላይ የሚዞር ነው። የጊታር ፍሬቶች ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍሎች ከፍለው ከእንጨቱ ጋር የተጣበቁ ናቸው፤ የክራር ተጫዋች ግን አንቺሆዬን ሲቃኝ እያንዳንዷን ድምፅ ጆሮው እስኪረካ ድረስ በጨርቁ ጥቅልል ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያዳመጠ ሰው፣ ጊታሩ ላይ አንቺሆዬ ትንሽ እንደሚደርቅ ይሰማዋል። ጊታር ተጫዋቾቻችን አውታር እየጎተቱና እያንሸራተቱ ይህን ለማለዘብ የሚደክሙት ስለዚህ ነው።

ስለ ተደበቀው ታሪክ፣ የደበቀ ሰው አላገኘሁም። የስፔን ንጉሣዊ የቋንቋ አካዳሚ መዝገበ ቃላት «ጊታራ» የሚለውን ቃል ከዐረብኛ፣ ዐረብኛውን ከአረማይክ፣ አረማይኩን ከግሪክኛ እንደመጣ አድርጎ በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ለጀማሪ የሚታተሙ አንዳንድ የጊታር መማሪያዎች የዐረቦቹን ድርሻ በአንድ መስመር እንደሚያልፉት አውቃለሁ፤ በዚህ ጸሐፊውን አልቃወማቸውም።

የመጨረሻው ጊታርን «ዘመናዊ ክራር» ብለን እናስተምር የሚለው ምክር ነው፤ በውስጡ ያለው ቅንነት ይገባኛል። ክራር ከየቤቱ እየጠፋ ነው፤ ልጆች ጊታር ይዘው መታየትን ይመርጣሉ፤ ሁለቱን በአንድ ስም ብንጠራ ክራሩም አብሮ ይወደዳል የሚል ተስፋ ይመስለኛል። ይህ ግን ክራርን ስሙን አስረክቦ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ በክራር ያደረጉት ነገር በጊታር የሚደረግ አይደለም። ዘመናዊ ክራር ለሚፈልግም በየባህል ባንዱ ያለው፣ ድምፁ በኤሌክትሪክ የሚጎላው ክራር አለለት፤ እርሱም ቀንበሩንና ቋሚዎቹን ይዞ የቀረ ክራር ነው። የሚማረው እጅም ሌላ ነው፤ ጊታር የሚማር ልጅ ግራ እጁን መጫን ያስተምረዋል፣ ክራር የሚማር ልጅ ግራ እጁን ማፈን ያስተምረዋል።

እኔ ክራር አላስተምርም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ «መማር እፈልጋለሁ» ስላለኝ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ክራር ተጫዋች አስረከብሁት፤ ጸሐፊው ይህን ያህል ውለታ ውለውለታልና አመሰግናቸዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ሲመለስ እንዴት እንደ ነበር ጠየቅሁት። የግራ እጁ ጣቶች በልማዳቸው አውታሩን ሊጫኑ ሲሄዱ በየጊዜው ከባዶ አየር ላይ እንደሚያርፉና ሽማግሌው «ምን ፈልገህ ነው ልጄ?» እያሉ እንደ ሣቁበት ነገረኝ።